‹ውጭ አገር› የሚባል አገር የለም

የጎረቤቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን አክስቷ የላከችላትን አዲስ ጫማ አድርጋ ልታሳየኝ መጣች። «አክስትሽ የት ነው ያለችው?» አልኳት። «ውጭ።» «ውጭ የት?» «ውጭ አገር ነዋ!» አለችኝ፤ ይህን የማያውቅ ትልቅ ሰው መኖሩ ገርሟት። እናቷን ብጠይቅ «አረብ አገር» አለችኝ። የትኛው አረብ አገር እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ጥያቄ ጨመርኩ። ኩዌት ነበረች።

አንድ እንግዳ «የአፍሪካ ዋና ከተማ ማን ይባላል?» ቢለን ደማችን ይፈላል። አፍሪካ እኮ 54 አገሮች ያሉባት አህጉር ናት እንላለን፤ ልክም ነን። እኛ ቤት ግን ከቤይሩት እስከ ቶሮንቶ ያለው ሁሉ አንድ አገር ነው፤ ስሙም «ውጭ» ነው። ተራራው በረዶ የሚለብሰው ሊባኖስ፣ የኢትዮጵያን እጥፍ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከአብዛኞቹ ክልሎቻችን የምታንሰው ኩዌት፣ ሁሉም «አረብ አገር» ተብለው ተጠቃለዋል። ከምሥራቅ እስያ የመጣ ሰው በሠፈር ሲያልፍ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሉታል። ሰውዬው ኮሪያዊ ሊሆን ይችላል፤ የመጣውም ከ1951 ጀምሮ በቃኘው ሻለቃ ሥር ስለ አገሩ ለተዋጉት ኢትዮጵያውያን የቆመውን ሐውልት ሊያይ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ «ኮሪያ ሠፈር» እያለን እኮ ነው!

ልጆችን ስለ ዓለም እናስተምር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ምን እንደምንጨምርላቸው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የሚያሳስበኝ እኛው ያወረስናቸው ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ተረቶች ደጋግሜ የምሰማቸው ናቸው። ዓመቶቹም ወራቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ለልጅ «ዓመቱ ራሱ በየአገሩ ይለያያል» ብሎ መንገርም አንድ ትምህርት ነው።

ተረት፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ ዓለምን እንዳለች ያሳያል

እውነታ፦ ይህን የሚችል ጠፍጣፋ ካርታ የለም። ለልጅ ለማስረዳት አንድ ብርቱካን ይበቃል። ልጣጩ ሳይበጣጠስ ላጡትና ጠረጴዛው ላይ በመዳፋችሁ ተጫኑት፤ ጠፍጣፋ ሳይሆን ይቀደዳል። ካርታ ሠሪ ደግሞ መቅደድ ስለማይፈልግ ይለጥጠዋል። የካርታ ሁሉ ልዩነት የቱ ጋ ይለጠጥ የሚለው ነው።

ፍሌሚሹ ጌራርዱስ መርኬተር በ1569 ባወጣው ካርታ የለጠጠው ወደ ዋልታዎቹ የቀረበውን ክፍል ነው። ከምድር ወገብ 60 ዲግሪ ርቆ ያለ መሬት በእሱ ካርታ ላይ ወርዱም ቁመቱም እጥፍ ይሆናል፤ ስፋቱ አራት እጥፍ መሰለ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲኬድ ይብሳል። ግሪንላንድ አፍሪካን አክላ የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው። አፍሪካ 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ግሪንላንድ 2.2 ሚሊዮን ገደማ። አሥራ አራት ጊዜ ትበልጣታለች! ግሪንላንድ የኢትዮጵያን እጥፍ ያህል ብቻ ናት። ቻይና፣ አሜሪካና ሕንድ አፍሪካ ውስጥ ተሰብስበው ቢገቡ ገና ቦታ ይተርፋል።

ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ድረስ ስለምትገኝ ካርታው እምብዛም አልጨመረላትም። ጀርመን ግን 50 ዲግሪ አካባቢ ሆና ተነፍታ ትታያለች። 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት አገራችን ጀርመንን ሦስት ጊዜ እንደምትይዝ ብነግረው፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እያሾፍኩበት መስሎት ስልኩን አውጥቶ አጣራ። እሱን አልወቅሰውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያየው የተለጠጠውን ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ተረት ይከተላል፦ መርኬተር አፍሪካን ለማሳነስ ሆን ብሎ ነው የሚል። አይደለም፣ የሠራው ለመርከበኛ ነው። በእሱ ካርታ ላይ ኮምፓሱን ሳያዛባ በአንድ አቅጣጫ የሚጓዝ መርከብ መንገዱ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይሰመራል። መርከበኛ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋል? ስሕተቱ የባሕርተኛን መሣሪያ አምጥቶ ሕፃናት ክፍል ውስጥ መስቀሉ ነው። በ1973 ጀርመናዊው አርኖ ፒተርስ ስፋትን የሚጠብቅ ካርታ ይዞ ብቅ ሲል ብዙ አጨቃጨቀ፤ ስፋቱ ትክክል ነው፣ ቅርጹ ግን እንደ ሊጥ የተሳበ ነው። በ2018 የወጣው «ኢኳል ኧርዝ» የተባለው ካርታ ስፋቱን ሳያዛባ ቅርጹንም ለዓይን የሚስማማ አድርጎታል። የአፍሪካ ኅብረትም በ2025 የመርኬተር ካርታ በእንዲህ ዓይነቱ እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ ደግፏል። እኔ ግን ለትንሽ ልጅ ማንኛውንም ካርታ ከማሳየቴ በፊት ሉል እሰጣለሁ። ርካሽ ፕላስቲክ ይሁን፣ ኳስ ላይ በእስክሪብቶ የተሣለ ይሁን ግድ የለም።

ተረት፦ ሰሜን ማለት ላይ፣ ደቡብ ማለት ታች ነው

እውነታ፦ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ቢያምን አይፈረድበትም። በሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ የሚቆመው እንጦጦ አለ፤ በደቡብ ዝቅ ብሎ አቃቂ። «ወደ ላይ ሂድ» ሲባል ወደ ሰሜን ነው፣ «ወደ ታች ውረድ» ሲባል ወደ ደቡብ። የከተማዋ አቀማመጥ ከካርታው ጋር የተመካከረ ይመስላል። ይኸው ልጅ ታዲያ ዓባይ ወደ ግብጽ እንደሚሄድ ሲነገረው ግራ ይገባዋል። ውኃ እንዴት ወደ ላይ ይፈስሳል?

ዓባይ ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። ከጣና ሲወጣ ወደ ሱዳን አይሄድም፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይጓዛል፣ ከዚያ በጥልቁ በረሃ ውስጥ ጎጃምን ዞሮ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎም ወደ ሰሜን ምዕራብ ይታጠፋል። ካርቱም ላይ ነጭ ዓባይን አግኝቶ ሜዲትራኒያን ድረስ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ወንዝ የሚያውቀው ቁልቁለትን ብቻ ነው፤ ሰሜንና ደቡብ አያገባውም። ልጁ ጣቱን በካርታው ላይ በወንዙ መንገድ እንዲያስኬድ አድርጉና ከፍታውን በየቦታው ንገሩት፦ ጣና 1,800 ሜትር ያህል፣ ካርቱም 400 ሜትር ያህል፣ ባሕሩ ዜሮ። ያኔ ቁልቁለቱ ራሱ ይታየዋል።

ሰሜንን ከላይ ማድረግ ልማድ ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። አል ኢድሪሲ በ1154 ለሲሲሊው ንጉሥ ለሮጀር በሠራው ካርታ ላይ ደቡብ ከላይ ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ክርስቲያኖች ካርታ ላይ ከላይ የሚውለው ምሥራቅ ነበር። አፖሎ 17 በታኅሣሥ 1972 ያነሳት ያቺ ዝነኛ የመሬት ፎቶግራፍም መጀመሪያ ስትነሳ አንታርክቲካ ከላይ ነበረች፤ እኛ የለመድናት ተገልብጣ የታተመችው ናት።

ልጆቻችን ግን አቅጣጫን ለማወቅ ጠፈር መውጣት አያስፈልጋቸውም። የኦርቶዶክሱ ልጅ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሲጸለይ አይቶ ያድጋል። የሙስሊሙ ልጅ ቂብላን ያውቃል፤ መካ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ሰሜን ነው፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁለት ልጆች ያለ ኮምፓስ ሁለት አቅጣጫ ይዘው መጥተዋል። ይህን ያነሳ መምህር ገና አልገጠመኝም።

ተረት፦ ትንሽ ልጅ ካርታ አይገባውም

እውነታ፦ ይገባዋል። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ምሁር ጄምስ ብላውት ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ጥናት፣ ትምህርት ገና የሚጀምሩ ልጆች ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶግራፍ አይተው ቤቱንና መንገዱን ይለያሉ። የእኛ ልጆች በዚህ ላይ ሌላ ስልጠና አላቸው። «ከታክሲ ስትወርድ ፋርማሲው ጋ ታጠፍ፣ ወፍጮ ቤቱን እለፍ፣ ሰማያዊ በር» እየተባለ የሚላክ ልጅ በጭንቅላቱ ካርታ ተሸክሟል። ወረቀት ላይ እንዲያወርደው ብቻ ጠይቁት።

ተረት፦ ጂኦግራፊ ማለት ዋና ከተማ መሸምደድ ነው

እውነታ፦ የካዛኽስታንን ዋና ከተማ አልማቲ ብሎ የሸመደደ ሰው በ1997 ተሳሳተ፤ መንግሥቱ ወደ አክሞላ ሄደ። በ1998 ከተማዋ አስታና ተባለች፣ በ2019 ኑር ሱልጣን፣ በ2022 እንደገና አስታና። አስታና በካዛክኛ ትርጉሙ «ዋና ከተማ» ነው፤ ምናልባት እነሱም መሸምደዱ ሰልችቷቸው ይሆናል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሦስት ዋና ከተሞች አሏት። ስም ማወቅ አይጠላም፣ ግን ከተማዋ ለምን እዚያ ተቆረቆረች የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነው ጂኦግራፊው የሚጀምረው።

ተረት፦ ክረምት የሚሆነው ምድር ከፀሐይ ስትርቅ ነው፤ የፈረንጆቹም ክረምት የእኛው ክረምት ነው

እውነታ፦ ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጥር መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። ያን ጊዜ ሚኒሶታ በረዶ ውስጥ ናት። በጣም የምትርቀው በሐምሌ ነው፣ 152 ሚሊዮን። ወቅትን የሚፈጥረው ምድር 23.5 ዲግሪ ማዘንበሏ ነው። ወደ ፀሐይ ያዘነበለው ግማሽ ይሞቃል፣ የዞረው ይበርዳል።

ቃሉ ላይ ደግሞ ራሳችንን እንወቅስ። ክረምት ለእኛ የዝናብ ወራት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መባቻ። አሜሪካና አውሮፓ ያኔ ሙቀት ነው። በውጭ ተወልደው አማርኛ ለሚማሩ ልጆች በተዘጋጁ ወረቀቶች ላይ የበረዶ ሰው ሥዕል ሥር «ክረምት» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ልጁ ለአያቱ ደውሎ በታኅሣሥ «እዚህ ክረምት ነው» ሲላት «ዝናቡ በረታ?» ትለዋለች። በአንድ ቃል ሁለት የተለያየ ሰማይ እያወሩ ነው። «የብርድ ወራት» ብንላቸው ምን ይጎድላል?

ተረት፦ ስለ ዓለም ብዙ የሚማር ልጅ አገሩን ይረሳል

እውነታ፦ ይህን የሚሉኝ ሰዎች ቀና ልብ አላቸው። ስጋታቸውም ከምንም አልተነሳም፤ የአውሮፓን ወንዞች ዘርዝሮ ተከዜ የት እንደሚገባ የማያውቅ ተማሪ አለ። ግን ጥፋቱ ዓለምን ማወቁ ሳይሆን ከቤቱ ተነጥሎ መቅረቡ ነው። ዓለም እኮ ማጀታችን ውስጥ ናት።

በርበሬውን እንውሰድ። ቃሪያና በርበሬ መነሻቸው አሜሪካ አህጉር ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው ውቅያኖስ ያቋረጡት። በቆሎ፣ ድንችና ቲማቲምም እንደዚሁ። ከዚያ በፊት የኖሩ አያቶቻችን ቀይ ወጥ የምንለውን አያውቁትም ነበር ማለት ነው። አንዳንድ አካባቢ በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ይሉታል፤ ከየት እንደመጣ ስሙ ይናገራል። ባሕር ዛፍም እንዲሁ፣ በምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ቅድም የላጥነው ብርቱካን ስሙ በአረብኛ በኩል ከፖርቱጋል የመጣ ነው፤ ብርቱካን የምትባል ልጅ በስሟ አንድ የአውሮፓ አገር ይዛ ትዞራለች። ቅድመ አያቶቻችን ሲገበያዩበት የኖሩት ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል የታተመበት ነው፤ ዛሬም ብር አንጥረኛ ቤት ሄዳችሁ እሳት ያልነካውን ብታዩ 1780 የሚል ቁጥር ታገኙበታላችሁ። በምላሹ ቡናው ከእኛ ወጥቷል። ልጁ ቁርሱ ላይ ያለውን እያነሳ «ይኼስ ከየት መጣ?» ቢል ካርታውን ራሱ ይጠይቃችኋል።

«የዓለም ዜግነት» የሚለው ሐረግም ሰዎችን ያስደነግጣል፤ ፓስፖርት የሚያስቀይር ይመስላቸዋል። የዓለም መንግሥታት በ2015 ባጸደቁት የዘላቂ ልማት ግብ 4.7 ላይ ሐረጉ ተጽፏል፤ ዩኔስኮም ስለ ዓለም አቀፍ መግባባትና ሰላም ትምህርት በ1974 ያወጣውን ምክረ ሐሳብ በ2023 አድሶታል። ይዘቱ ሲፈታ፦ እዚህ የምታደርገው እዚያ ያለውን ሰው ይነካል፣ እዚያ የሚደረገውም አንተን። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማን ያስተምረዋል? ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1936 ጄኔቫ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የቆሙት ይህንኑ ለማለት ነበር። አገሪቱ በ1945 የተባበሩት መንግሥታትን ከመሠረቱት 51 አገሮች አንዷ ሆነች፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። ዓለምን ሳይጠቅሱ የኢትዮጵያን ታሪክ ማስተማር የሚቻል አይመስለኝም።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። ሉል አምጥቼ ኩዌትን ፈለግን፤ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከሳዑዲ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በጣቷ ጥፍር የምትሸፈን። በማግሥቱ አክስቷ ስትደውል ስልኩን ነጥቃ የጠየቀቻት ጫማውን ሳይሆን «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ነው። ኩዌትና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው፤ አክስቷ በአበሻ አቆጣጠር እንደለመደችው «አንድ ሰዓት ተኩል» አለቻት። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ ስልኩን አየች፣ ቅር ብሏት ወደ እናቷ ዞረች።

«እንደኛ ነው! ታዲያ ምኑ ነው ውጭ አገር?»