ዜኤቭ፣ ቮልፍ፣ ተኩላ፦ የአንድ ስም ጉዞ

በሥራ ቦታ ወይም በቁፓት ሆሊም ወረፋ ላይ ዜኤቭ የሚባል ሽማግሌ ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። ዜኤቭ በዕብራይስጥ ተኩላ ማለት ነው። «ሰው እንዴት ልጁን ተኩላ ብሎ ይጠራል?» ትሉ ይሆናል። በእኛ አገር አንበሳው የሚባል ሰው አለ፤ በግ የሚፈጀውን አውሬ ግን ማን ለልጁ ስም ያደርገዋል?

ነገሩ የሚጀምረው ከጀርመን ወገን ሕዝቦች ነው። ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሆላንድኛ፣ ስዊድንኛና ይዲሽ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው። በእነዚህ ሕዝቦች ዘንድ ተኩላ የሚፈራም የሚከበርም አውሬ ነበር። ለወንድ ልጅ ስም ሲያወጡ ሁለት ቃል ማጣመር ይወዱ ነበር፦ ሩዶልፍ ዝናና ተኩላ፣ ራልፍ ምክርና ተኩላ፣ ቮልፍጋንግ ተኩላና ጉዞ ነው። ስዊድኖች ብቻውን ኡልፍ ይሉታል፣ ጀርመኖች ቮልፍ። በ4ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን ጎቶች ለሚባሉት ሕዝብ የተረጎመው ጳጳስ ስሙ ቩልፊላ፣ ማለትም ትንሹ ተኩላ ነበር። መጽሐፈ ነገሥትን ግን ሳይተረጉም ተወው ይባላል፤ ሕዝቡ ያለዚያም ጦርነት አብዝቶ ይወድ ነበርና።

አዶልፍም ክቡርና ተኩላ ማለት ነው። የስዊድን ነገሥታት የተጠሩበት ስም ነበር፤ ከሂትለር በኋላ ለልጁ የሚያወጣው ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

በጀርመን አገር የኖሩት አይሁድስ? ለኦሪት ንባብ የሚጠሩበት የዕብራይስጥ ስምና ለገበያ፣ ለጎረቤት የሚሆን የአገሩ ስም ነበራቸው። አባታችን ያዕቆብ ልጆቹን ሲባርክ ቢንያምን በተኩላ መሰለው። ስለዚህ ቢንያም የተባለ ልጅ በመንገድ ላይ ቮልፍ ሆነ፤ ከዚያም ዜኤቭ ቮልፍ የሚል ጥምር ስም ተወለደ። እናቱ በይዲሽ ስታቆላምጠው ቬልቭል ትለዋለች። ስሙ ከአይሁድ ጋር ወደ ፖላንድና ወደ ሊትዌንያ ተሻገረ። በ1860 የተወለደው ቴዎዶር ሄርጽል የዕብራይስጥ ስሙ ቢንያሚን ዜኤቭ ነው። በሆሎን ያለው የቮልፍሶን ሆስፒታል ስምም «የቮልፍ ልጅ» ማለት ነው፤ እዚያ ሄዳችሁ የምታውቁ ትኖራላችሁ።

እዚህ አገር ሲገቡ ግን ብዙዎቹ ቮልፍን ጥለው ዜኤቭን ብቻ ያዙ። የውጭ ስም መጣል እንደ ግዴታ የሚታይበት ዘመን ነበር። የእኛም ልጆች ይህ ደርሶባቸዋል። በ1984 እና በ1991 ከመጡት ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም የሰጣቸው ጸሐፊ ወይም መምህር ነው፤ ወላጅ የተጠየቀው አልፎ አልፎ ነው። በሥራዬ ቤት ለቤት ስሄድ፣ ልጇን በአዲሱ ስም መጥራት እስከ ዛሬ ያልሆነላት እናት አግኝቻለሁ። መምህሩ «ይህ ስም ያስቸግራል» ቢላችሁ አትቆጡ፣ ግን ቶሎም እሺ አትበሉ። የአሽከናዝ አያቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ሁለት ስም አብረው ይዘው እንደኖሩ ንገሩት። ልጁ የዕብራይስጥ ስም ከፈለገ ራሱ ይምረጥ፤ አያቱ ያወጡለትም አብሮት ይኑር።

ይህ ስም እኛ ዘንድም ደርሷል። በ1698 የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ጀርመናዊ የቤተሰቡ ስም ሉዶልፍ፣ ማለትም ሕዝብና ተኩላ ነበር፤ ስለ አገራችንና ስለ ቋንቋችን ብዙ ያስተማረው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ከእሱ ወዲህ ደግሞ በ1906 ፖላንድ ውስጥ የተወለደው አይሁዳዊው ምሁር ቮልፍ ሌስላው አለ። የቤተ እስራኤልን የሃይማኖት መጻሕፍት ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1951 አሳተመ፣ ለውጭ ሰዎች የአማርኛ መማሪያም ጻፈ። በ2006 በ100 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ የሚታተመው ስም ቮልፍ ነበር።