«መጠየቅ አይቻልም» ሲባል፦ የአረጋውያን መንከባከቢያዎች በወረርሽኝ ጊዜ ደጃቸውን የሚዘጉትና የሚከፍቱት እንዴት ነው?



አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የአረጋውያን መንከባከቢያን (ነርሲንግ ሆምን) በሁለት መንገድ ያውቁታል። በርካታ እህቶችና ወንድሞች በነርስ ረዳትነት ይሠሩበታል። ከብዙ ዓመታት በፊት የተሰደዱ ወላጆች ደግሞ አርጅተው፣ አንዳንዶቹም ቤት ውስጥ ሊያዙ በማይችሉበት ደረጃ ታመው ገብተውበታል። በኮሮና ጊዜ «ጠያቂ አይገባም» የሚለው ወረቀት በሩ ላይ ሲለጠፍ ከውስጥም ከውጭም የነበርነው እኛው ነን። ያንን ውሳኔ ማን ወሰነው? ቤተሰብስ ምን ሐቅ ነበረው? ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ስለሚጠቅመን እንየው።

ትእዛዙ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ በዋሽንግተን ግዛት፣ ኪርክላንድ ከተማ በሚገኝ አንድ መንከባከቢያ ውስጥ ወረርሽኙ መግባቱ ታወቀ። ብዙ አረጋውያንም ሞቱ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ታማሚ ባሳወቀችበት በዚያው ቀን፣ ማርች 13 ቀን 2020፣ ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን የሚያስተዳድረው የፌዴራል ማዕከል (ሲ.ኤም.ኤስ) በመላ አገሪቱ ያሉ ነርሲንግ ሆሞች ጠያቂ እንዳያስገቡ መመሪያ አወጣ። እንደ መጨረሻ የስንብት ሰዓት ያሉ ጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ተፈቀዱ።

ተቋማቱ ይህን መመሪያ ችላ ሊሉት አይችሉም። አብዛኛው ገቢያቸው ከእነዚህ ሁለት የመንግሥት መድኖች ነው፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ጥፋት ካገኘ ሊቀጣቸው ይችላል። ከፌዴራሉ በተጨማሪ የግዛቱና የአካባቢው ጤና መሥሪያ ቤቶችም የራሳቸውን ትእዛዝ ያወጣሉ። አስተዳዳሪው የሚወስነው በነዚህ ሁሉ መካከል ሆኖ ነው። አሲስትድ ሊቪንግ የሚባሉትና በመኖሪያ ቤት ውስጥ ጥቂት አረጋውያንን የሚይዙት ግን በዋናነት የሚተዳደሩት በግዛት ሕግ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ በር ተከፍቶ ሌላው ተዘግቶ የነበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የመዝጋት ዋጋ

አደጋው እውነት ነበር። እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ የረጅም ጊዜ መንከባከቢያዎች የሞቱት ነዋሪዎችና ሠራተኞች ከ200,000 በላይ ሆነዋል። ቢሆንም መዝጋትም የራሱ ጉዳት ነበረው። ልጁን በመስታወት ጀርባ ብቻ የሚያይ፣ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ለምን እንደማይገባለት አይረዳም። የእኛ ወላጆች ላይ ደግሞ ቋንቋ ይጨመራል። በመርሳት በሽታ የተያዘ ሰው በኋላ የተማረውን ቋንቋ ቀድሞ ሊያጣ ይችላል፤ እንግሊዝኛው የጠፋባት እናት «ውኃ ጠማኝ»፣ «ወገቤን አመመኝ» የምትለው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው። ለእሷ ጠያቂ ማለት አፏ ነው።

ማዕከሉም ይህን ጉዳት ተቀብሎ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2020 አዲስ መመሪያ አወጣ። ደጅ ላይ መገናኘት ተመራጭ ሆነ። በ14 ቀናት ውስጥ አዲስ ታማሚ ባልታየበት ተቋም፣ በአካባቢው ከሚመረመሩት ውስጥ ቫይረሱ የሚገኝባቸው ከ10 በመቶ በታች ከሆኑ ቤት ውስጥ መጠየቅም ተፈቀደ። ከሁሉ በላይ ግን «የርኅራኄ ጥየቃ» የሚባለው ለሚሞት ሰው ብቻ አለመሆኑ በግልጽ ተጻፈ፦ ምግብና ውኃ ማቆም የጀመረ፣ ክብደቱ የቀነሰ፣ የቅርብ ሰው ሞቶበት ያዘነ፣ ያወራ የነበረና ዝም ያለ፣ ዘወትር የሚያለቅስ ሁሉ ይገባዋል ተባለ። የሃይማኖት ሰውም በዚህ መንገድ መግባት እንደሚችል ተጠቀሰ። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ ግን «ዝግ ነው» ሲባል ተመልሶ ይሄድ ነበር።

ክትባቱ ከመጣ በኋላ በማርች 2021 ደንቡ ላላ። ኖቬምበር 12 ቀን 2021 ደግሞ ጥየቃ ለሁሉም ነዋሪ በማንኛውም ጊዜ እንዲፈቀድ ተወሰነ። በተቋሙ ውስጥ ሕመም ቢከሰት እንኳ ጠያቂው አደጋው ተነግሮት፣ ጭምብል አድርጎ እንዲገባ፣ የታመመ ጠያቂ ግን እንዲዘገይ ተደረገ።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የነርሲንግ ሆም ነዋሪ ጠያቂ የመቀበል መብቱ ከ1987ቱ የፌዴራል ሕግ ጀምሮ የተረጋገጠ ነው። ተቋሙ ሊገድበው የሚችለው ለጤናና ለደኅንነት በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው። ስለዚህ፦

1. ስትከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የማን ትእዛዝ ነው? መቼ ይታያል?
2. የታያችሁን ለውጥ በቀን መዝግቡ። «ናፈቀችን» ከማለት «በሦስት ሳምንት ውስጥ ክብደቷ ቀንሷል፣ ማውራት አቁማለች» ማለት በር ያስከፍታል።
3. የእንክብካቤ ዕቅድ ስብሰባ ላይ ተገኙ። ቋንቋዋ፣ ሐላል ምግቧ፣ የሶላት ሰዓቷ፣ በሞት ጊዜ የሚፈለገው ሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ። ስለ ሕክምናዋ የሚወስነው ሰው ውክልናም በጤናዋ ጊዜ ይፈረም።
4. ካልተግባባችሁ ኦምቡድስማን አለ። በየግዛቱ የሚገኝ የነዋሪዎች ጠበቃ ነው፤ አገልግሎቱ ነጻ ሲሆን አድራሻው በተቋሙ ውስጥ መለጠፍ አለበት።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ በሩን የዘጋችሁት እናንተ እንዳልሆናችሁ ቤተሰብ ይወቅ። ነዋሪዋ መብላት ስታቆም ለነርሷ መንገርና እንዲመዘገብ ማድረግ ግን በእጃችሁ ያለ አማና ነው። የርኅራኄ ጥየቃ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያች መስመር ነው።

«ወላጄን ባለመጠየቄ ወንጀለኛ ነኝ?» የሚል ጥያቄ ብዙዎችን አስጨንቋል። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከሰርግ መመለሳቸው ይታወቃል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም እንዳይወጣ አስተምረዋል። ጥንቃቄ ዲናችን ያዘዘው ነው፤ የታመመን መጠየቅም እንዲሁ። በሩ በእውነተኛ ምክንያት ሲዘጋ በስልክና በዱዓ መጠየቅ ይቀጥላል። ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ተዘግቶ ከቆየ ግን ዝም ማለት ሰብር አይደለም፤ የወላጅን ሐቅ መጠየቅ ይገባል።

ወላሁ አዕለም።