በሙቅና በእርጥብ አገር ስለ ግቢ ሣር አጠባበቅ

የሣር ዘር የሚሸጥ ነጋዴ ትርፉ ዘሩን በሸጠበት ቀን የሚገኘው ብቻ አይደለም፤ ገዥው ግቢው ለምልሞለት ማዳበሪያና መሣሪያ ለመግዛት ሲመለስ የሚገኘው ጭምር ነው። ዘሩ በቅሎ ከሙቀት ብዛት የጠወለገ እንደ ሆነ ግን፥ ገዥው የሚያማው አየሩን ሳይሆን ሱቁን ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከማዘዝ አስቀድሞ ሣሩ የሚበቅልበትን አገር ጠባይ ማወቅ ይገባል።

የግቢ ሣር በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ከ16 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚስማማው ሲሆን፥ ሁለተኛው ከ27 እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት የሚፋፋ ነው። በአሜሪካ በፍሎሪዳና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባሉት ከተሞች የሚተከለው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ከነዚህም ሴንት ኦገስቲን፥ ዞይዥያና ቤርሙዳ የተባሉት የታወቁ ናቸው። ቤርሙዳ የሚሉት ሣር ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ ከማሳው ሲነቅለው የሚኖረው ሰርዶ ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ ደጋ ያማረ ዘር ሁሉ በጋምቤላ ቆላም ያምራል ብሎ ማዘዝ ኪሳራን ያመጣል።

ሴንት ኦገስቲን ጥላን ይታገሣል፤ ነገር ግን የሚተከለው ከነሥሩ እየተነሣ ስለ ሆነ ዘሩ በገበያ እምብዛም አይገኝም። ሰርዶ ግን በዘርም ይበቅላል፤ ጥላ ሲያገኘው ይሳሳል።

በማጨድ ረገድ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አለመቁረጥ ነው። ሴንት ኦገስቲን ከ6 እስከ 10፥ ሰርዶ ደግሞ ከ2 ተኩል እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሊቀር ይገባዋል። የሣር ማጨጃ የሚያስመጣም ሰው ስለቱ በዚሁ ልክ ከፍና ዝቅ የሚል መሆኑን አስቀድሞ ይመርምር።

በእርጥብ አገር ሣሩን የሚጎዳው ጥማት ብቻ ሳይሆን የውሃ ብዛትም ነው። ቅጠሉ ሌሊቱን ረጥቦ ያደረ እንደ ሆነ ሻጋታ ይይዘዋል። ስለዚህ ሣሩ በማለዳ ይጠጣ፤ ዝናቡ ተቈጥሮ በሳምንት 2 ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይበቃዋል። ዝናቡ ይህን ያህል የሰጠ እንደ ሆነ ቧንቧው ይዘጋ።

ማዳበሪያም ልክ አለው። ቶሎ ከሚሟሟው ዐይነት ለ100 ካሬ ሜትር በአንድ ጊዜ ሩብ ኪሎ ናይትሮጅን ይበቃል፤ ዩሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን ስለ ሆነ፥ ይህ 540 ግራም ያህል ዩሪያ ማለት ነው። ከዚህ አብልጦ የሚበትን ሰው ሣሩን ያቃጥላል፤ ባያቃጥለውም ሻጋታ የሚወደውን ለስላሳ ቅጠል ያበዛል።

ለትንሽ ግቢ ሙሉ ከረጢት የሚሸጥ ባለሱቅ የዛሬውን ሒሳብ ያሳምር ይሆናል። የግቢውን ስፋት ጠይቆ፥ መዝኖ፥ አጠቃቀሙንም በወረቀት ጽፎ የሚሰጥ ግን ደንበኛውን ለዓመታት ያቆያል።