የሰም ሻማ ወይስ የባትሪ ሻማ?

የአክስቴ የራስጌ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጥቁር ክብ ምልክት አለ። ጧፍ አብርታ ስትጸልይ እንቅልፍ ያሸለባት ሌሊት ያስቀረው ነው። እሳቱ እንጨቱን ለብልቦ በራሱ ጠፋ፤ እግዚአብሔር አተረፋት። ከዚያ ወዲህ ነው ገበያ ላይ የበዛውን የባትሪ ሻማ በቁም ነገር ማየት የጀመርኩት።

መጀመሪያ የሰሙን ሻማ እንወቀው። ክሩ ሲለኮስ ሙቀቱ ሰሙን ያቀልጠዋል፤ ክሩ የቀለጠውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሰሙ ይተንናል፤ የሚነደውም ይኸው ትነት ነው። ለማረጋገጥ አንድ ክብሪት ይበቃል። ሻማውን እፍ ብለው ሲያጠፉት ነጭ ጭስ ሽቅብ ይወጣል። ክሩን ሳይነኩ የበራ ክብሪት ወደ ጭሱ ቢያስጠጉ፣ እሳቱ በጭሱ ላይ ወርዶ ሻማውን መልሶ ይለኩሰዋል። ጭስ የመሰለን ያልነደደ ሰም ነበር። የነበልባሉ ቢጫነት ደግሞ ግለው ከሚያበሩ የጥላሸት ብናኞች ይመጣል፤ ግድግዳ የሚያጠቁረውም እሱው ነው።

የባትሪውን ሻማ ደግሞ ገልብጬ ከፈትኩት። ከታች ማብሪያ ማጥፊያ፣ መሐል ላይ የሰዓት ባትሪ የምትመስል ክብ ባትሪ፣ ከላይ የአተር ፍሬ የምታህል ኤልኢዲ አምፖል። አምፖሏ ውስጥ ያለች ደቃቅ ቺፕ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ስታደርገው ዓይን ንፋስ የነካው ነበልባል ይመስለዋል። ወደድ በሚሉት በአንዳንዶቹ ላይ በነበልባል ቅርጽ የተሠራ ፕላስቲክ ይንጠለጠላል፤ ግርጌው ላይ ያለውን ማግኔት ከሥሩ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ጥቅል ሽቦ እየገፋ ያወዛውዘዋል።

ታዲያ ይገዛ? የሚፈለገው ለጌጥ ከሆነ ሳያመነቱ ይግዙት። መጋረጃ አጠገብ፣ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ልደት፣ አበባ በሞላው የሠርግ ጠረጴዛ ላይ እሳት ባይኖር ይመረጣል። ኦክስጅን የሚጠቀም ሕመምተኛ ባለበት ቤት ደግሞ ነበልባል ጨርሶ መቅረብ የለበትም። በቆርቆሮ ኩባያ ውስጥ የምትሸጠው ትንሿ የሰም ሻማ በ4 ሰዓት ገደማ ታልቃለች፤ የባትሪዋ ግን ለብዙ ምሽቶች ትበራለች።

መብራት ሲጠፋ ልጆች እንዲያጠኑበት ከሆነ ግን አይግዙት። አንድ የሰም ሻማ የሚሰጠው ብርሃን 12 ሉመን ገደማ ነው፤ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 800 ገደማ ይሰጣል። የጌጡ የባትሪ ሻማ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሙም ያንሳል። ለዚህ የሚሆነው ቻርጅ የሚደረግ መብራት ነው።

አደጋውም ሳይነገር አይታለፍ። ያቺ ክብ ባትሪ በሕፃን ጉሮሮ ከተሰነቀረች፣ ኤሌክትሪኳ እርጥበቱን ወደሚያቃጥል ኬሚካል ይለውጠዋል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ብርቱ ቁስል ልታደርስ ትችላለች። ሕፃን ከዋጣት ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል! ሲገዙም የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰረውን ይምረጡ።

ጧፍስ? ጧፍ ከንብ ሰምና ከጥጥ ፈትል ይሠራል። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ስለሆነች የገበሬው እጅ አለበት። በትንሣኤ ሌሊት ምእመኑ ጧፉን ይዞ ሲቆም የሚያቀርበው ብርሃኑን ብቻ አይደለም፤ ራሱን እያቀለጠ ለሌላው የሚያበራውን ነገር ነው። ባትሪ አያበራም አልልም፤ አይቀልጥም ግን። በዚያ ሌሊት ደግሞ ምእመኑ ነቅቶ፣ ጧፉን በእጁ ይዞ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ነው የሚቆመው።

ለአክስቴ የባትሪ ሻማ ገዛሁላት። አሁን ራስጌዋ ላይ፣ ከምትጸልይበት ሥዕል ፊት፣ ጥቁሩን ክብ ሸፍኖ ተቀምጧል። ጧፎቿ በነጠላ ተጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ነቅታ የምትቆምበትን ሌሊት ይጠብቃሉ።