የጣና ባሕርና የሊቃውንት ምርምር

የቀድሞ ነገሥታት ለገዳማትና ለአድባራት ጉልት የተከሉበት አንዱ ምክንያት ሊቁ ስለ ዕለት እንጀራው ሳይጨነቅ ቅኔውንና ትርጓሜውን እንዲያስተምር ነው። የጉልቱ ሸክም በገበሬው ትከሻ ላይ መውደቁ አይካድም፤ ሥርዓቱም በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ቀርቷል። ነገር ግን በውስጡ የነበረው አንድ ሐሳብ ዛሬም አላረጀም። ይኸውም ዕውቀት በአንድ ክረምት የምትደርስ አዝመራ ስላልሆነች፣ የሚያጠናት ሰው ከዓመት እስከ ዓመት የማይቋረጥ ቀለብ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ይህን ነገር ለማስተዋል ወደ ጎርጎራ መመልከት ይበቃል። ጎርጎራ በደምብያ አገር በጣና ባሕር ሰሜን ዳርቻ ያለች፣ የደብረ ሲና ማርያምን ጥንታዊ ደብር የያዘች ከተማ ናት። ዐፄ ሱስንዮስ በአካባቢዋ በድንጋይና በኖራ ግንብ አሠርተዋል፤ በልጃቸው በዐፄ ፋሲለደስና በተከታዮቻቸው ዘመንም የኖራው ጥበብ በጎንደር አብያተ መንግሥት ላይ ታየ። ከፊቷ የተዘረጋው ባሕር ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። የዓባይ መፍሰሻ የሆነው ይህ ባሕር በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከዓለም ጥብቅ የሕይወት ሥፍራዎች ጋራ ተቈጥሯል። ዛሬ ግን ባሕሩንና በዳርቻው ያለውን ሕዝብ ሁለት ነገሮች ያስጨንቋቸዋል፤ አንደኛው እምቦጭ የተባለው መጤ አረም፣ ሁለተኛው ቢልሃርዝያ የተባለው በሽታ ነው።

እምቦጭ በጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የደምብያና የፎገራ ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለዋል፤ ማጨጃ መኪናም መጥቷል፤ ከአገር ውስጥም ከውጭም ገንዘብ ተዋጥቷል። ይህ ሁሉ ድካም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አረሙ ከላይ ቢታጨድ ዘሩ በጭቃው ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቈያል፤ ከተራቈተው ተራራ ጐርፍ ያወረደው አፈርና ከእርሻ የታጠበው ማዳበሪያም ይመግበዋል። ስለዚህ እምቦጭን በዘመቻ ብቻ ማሸነፍ አይቻልም። ጠባዩን፣ ምግቡን፣ የሚበላውንም ነፍሳት ለይቶ የሚያውቅ ጥናት ያስፈልጋል። ዩጋንዳ በ1987 ዓ.ም. ገደማ በቪክቶርያ ባሕር ላይ አረሙን የሚበላ ጢንዚዛ ለቅቃለች፤ የአረሙም ብዛት ከጥቂት ዓመት በኋላ በእጅጉ ቀንሷል። የዚህ መቀነስ ምን ያህሉ ከጢንዚዛው፣ ምን ያህሉ ከአየሩ ጠባይ እንደ መጣ ሊቃውንት ተከራክረዋል። ክርክሩን የሚፈታው ግን በየዓመቱ ሳይታክት የሚለካ ሰው ነው።

በዚህ ሥፍራ የበጀት ነገር ይነሣል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እስከዚያ ያልወጣው ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ለደመወዝና ለቢሮ ዕቃ ይህ ሥርዓት መልካም ነው። በጣና ግን ዝናሙ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ፣ ባሕሩ የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡ የሚዘጋው ሊጠና የሚገባው ነገር በሚጀምርበት ሰዓት ይሆናል። የአዲሱ ዓመት ገንዘብ ዘግይቶ የተለቀቀ እንደ ሆነ ጎርፉ አልፏል፤ አረሙም ተበትኗል፤ መምህሩም የሚለካው ነገር አጥቶ ዓመት ይጠብቃል። አረሙ ብዙ ዓመት ሲታገሥ በጀቱ 12 ወር ብቻ ቢታገሥ ድሉ የማን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ስለ ቢልሃርዝያም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ2005 ዓ.ም. ገደማ ባወጡት ጥናት የጎርጎራ ከተማ ተማሪዎች በዚህ በሽታ እንደሚያዙ አሳይተዋል። በሽታውን የሚያስተላልፈው በውሃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ይህንም ቀንድ አውጣ የሚገድል አገር በቀል ተክል መኖሩን በ1956 ዓ.ም. ገደማ የገለጡት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ሥፍራ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እናቶች በዘልማድ የያዙትን እንዶድ ወደ ምርምር አገቡት። በዚያው ከተማ ለ5 ዓመት በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ካላቸው ሕፃናት መካከል በሽታው የተገኘባቸው ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረዱ። ይሁን እንጂ በታላላቅ የውጭ ቤተ ሙከራዎች ያልተመረመረ መድኃኒት አይታመንም ስለ ተባለ፣ ያንም የሚያስመረምር ጥሪት በአገር ውስጥ ስላልነበረ፣ ነገሩ ብዙ ዓመት በልመና አለፈ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1982 ዓ.ም. በስዊድን ታላቅ ሽልማት ተቀበሉ። በኋላም በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ከእንዶድ ለተገኘ አንድ ጥቅም የፈጠራ መብት ተመዘገበለት፤ ዶክተር አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተጻፉ። ክብሩ ኢትዮጵያዊ ነው፤ መብቱ ግን ለምርመራው ገንዘብ ባወጣው ቤት ስም ተመዘገበ።

የውጭ ሊቃውንት ለጣና የዋሉት ውለታም ሊረሳ አይገባም። በጣና ብቻ የሚገኙትን የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ከሆላንድ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ ለይተው ጽፈዋል፤ የዓሣውንም መመናመን አስታውቀዋል። በጎርጎራ ዙሪያ ያለውን የሱስንዮስን ዘመን ፍርስራሽ የማድሪድ ሊቃውንት ቈፍረው አጥንተዋል። ነገር ግን እንግዳ የሚጠይቀው የራሱን ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡም ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። የደምብያ ዓሣ አስጋሪ የሚጠይቀውን ጥያቄ ሁልጊዜ ሊጠይቅለት የሚገባው የአገሩ ዩኒቨርሲቲ ነው።

መንግሥት ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣውም ፖሊሲ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ቢያንስ ከመቶ 1.5 እጅ ለምርምርና ለፈጠራ እንዲሰጥ አሰበ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 የተመዘገበው ግን ከመቶ 0.27 እጅ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ አንድ በር ከፍቷል፤ ሆኖም ነጻነት ያለ ጥሪት ባዶ ጎተራ ነው።

አንዳንድ ባለሥልጣን በድኻ አገር መንገድና ጤና ጣቢያ ይቀድማሉ፣ የመምህራን ጽሑፍ ግን መደርደሪያ ከማሞቅ አያልፍም ይል ይሆናል። ነቀፋው ከፊሉ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ገንዘቡን መንፈግ ሳይሆን አሰጣጡን ማረም ነው። አንደኛ፣ የባሕርና የአፈር ጥናት ቢያንስ ለ5 ዓመት በማይታጠፍ ውል ይመደብለት፤ የተረፈውም ገንዘብ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገር። ሁለተኛ፣ ሒሳብ መርማሪው ገንዘቡ በታማኝነት መዋሉን ይመርምር እንጂ፣ ሙከራው ስላልሠመረ ብቻ ተመራማሪውን አይክሰስ፤ የማያድነውን መድኃኒት ለይቶ ማወቅም ዕውቀት ነውና። ሦስተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተደረገ ጥናት ሁሉ በአማርኛ ተጽፎ ለሚመለከተው ወረዳና ደብር ይድረስ፤ ካህናቱም ምእመናኑን ስለ ውሃውና ስለ በሽታው ያስተምሩበት።

ድልድይ በተሠራ በዓመቱ ይታያል፤ ባለሥልጣንም ይመርቀዋል። የምርምር ፍሬ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ያስጀመረው ሹም ከወንበሩ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ ለምርምር ገንዘብ የሚመድብ ሹም ለሚቀጥለው ትውልድ ይሠራል። በጎርጎራ ዳርቻ ዛሬ በውሃው የሚራጨው ሕፃን ያለ በሽታ የሚያድግበትን፣ አባቱም መረቡን ያለ እምቦጭ የሚጥልበትን ቀን የሚያቀርበው እንዲህ ያለ ሹም ነው።