ነዶ የሚያቆጠቁጠው አስታ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ማለዳ በረንዳው ላይ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ቢያይ ወጨጫን ያገኘዋል። በክረምት ደመና ይውጠዋል፤ በመጋቢት ግን አቧራና የከተማው ጭስ በተቀላቀለበት ብርሃን ውስጥ ጠቁሮ ይታያል። ከመናገሻ ሱባ ጥድና ዝግባ በላይ፣ ወደ ተራራው አናት ሲቃረቡ፣ ጫካው እያጠረ እያጠረ ሄዶ ቁጥቋጦ ይሆናል። ያ ቁጥቋጦ አስታ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ስሙ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ስሜን ላይ ለተወለደ ግን ማገዶው፣ የቤቱ እንጨት፣ የንቡ አበባ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ውጨና ይሉታል፤ በባሌ ደግሞ ሳቶ።

ስለ ሰደድ እሳትና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚህ ተክል ይሄዳል። በስሜንና በባሌ ከፍታዎች ላይ ቋያ ተነሣ ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነደው እሱ ነውና።

ቅርንጫፉን ቀረብ ብሎ ላየው ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው፤ ርዝመቱ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። አበባው ነጭና ደወል የመሰለ ሲሆን፣ ከትንሽነቱ የተነሣ አንዱን ብቻ ለማየት ዓይንን ማጥበብ ይጠይቃል። ሰውና እሳት ከተዉት ቁጥቋጦ ሆኖ አይቀርም፤ ብዙ ሜትር የሚረዝም፣ ከቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ነገር የሚንጠለጠልበት ዛፍ ይሆናል። ያ ሽበትና ያ ቀጭን ቅጠል ጉም ሲመጣ ውኃ ይይዛሉ። ጉሙ ሲጠፋና በጋው ሲገፋ ግን ሁለቱም እንደ ጭራሮ ይደርቃሉ። እሳት በአስታ ላይ የሚሮጠው ስለዚህ ነው፤ አየር የሚያስገባ፣ ቀጭንና ደረቅ ነገር የተነባበረበት ነው።

የአስታ ምስጢር ያለው ግን ከመሬት በታች ነው። ከግንዱ ሥር፣ አፈር ውስጥ ተደብቆ፣ እንደ ጡጫ የሚጀምርና በዕድሜ የሚተልቅ ጠንካራ እብጠት አለው። በሜዲትራኒያን ዙሪያም ይኸው ተክል ይበቅላል፤ ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ያንን እብጠት ቆፍረው እያወጡ የትምባሆ ፒፓ ይቀርጹበታል። ከእንጨት ሁሉ እሱን የመረጡት ፍም ውስጡ ተቀምጦ እንኳ ቶሎ የማይነድ በመሆኑ ነው። ተክሉም ይህን ጠባዩን ለራሱ ይጠቀምበታል። ቋያው ቅጠሉንና ቅርንጫፉን ጠራርጎ ሲበላ እብጠቱ አፈር ለብሶ ያልፈዋል፤ ውስጡ ያጠራቀመው ምግብና የተኙ ቡቃያዎችም ዝናብ ሲነካቸው ይነሣሉ።

አንድ ጊዜ ወጨጫ ላይ እንዲህ ያለ ጉቶ አይቻለሁ። ዙሪያው አመድ ነበር፤ በጣት ሲነኩት ጥቁር ጥላሸት ይለቃል። ከአንገቱ ሥር ግን አሥራ አምስት የሚሆኑ፣ ከክብሪት እንጨት ትንሽ የረዘሙ፣ ሐር የመሰሉ አረንጓዴ ቀንበጦች አቆጥቁጠው ነበር።

ስለዚህ አስታ እሳትን ለዘመናት ያውቀዋል። የባሌ ከብት አርቢዎችም ይህን ያውቃሉ። ሳቶው ሲያረጅ ይጠነክራል፣ ከብት አይበላውም፣ አውሬም ይሸሸግበታል። ለእነሱ የተቃጠለ ቦታ ዝናብ ሲመጣ ለጋ ግጦሽ ማለት ነው። ተመራማሪዎች እዚያ ሄደው ሲያጠኑ ያገኙት ነገር ደስ ይላል፦ አንዴ የተቃጠለ ቦታ ለጥቂት ዓመታት መልሶ አይነድም፤ ለጋው ቁጥቋጦ እሳት ማሻገር አይችልም። በየተራ የሚቃጠል ተራራ አሮጌና ለጋ ቦታዎቹ ተሰበጣጥረው ስለሚቀመጡ ራሱ የእሳት ማገጃ ይሆናል። እሳቱን ከልክሎ መተው ብቻውን መፍትሔ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ሳይነድ የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ቀን አብሮ ይነድዳል። እኔ በዚህ ጉዳይ የአርቢዎቹ ዕውቀት እንደ ጥፋት ብቻ መታየቱ ያሳዝነኛል።

ዋናው ነገር በእሳትና በእሳት መካከል ያለው ጊዜ ነው። እብጠቱ ያወጣውን ስንቅ መልሶ ለመሙላት ዓመታት ያስፈልጉታል። ሳይሞላ ደግሞ ከተቃጠለ፣ ቀንበጡንም ፍየል ከቀጠፈው፣ እንደገና ላይነሣ ይችላል።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ክብሪት አይጭርም፤ በእኛ ተራሮች እሳቱን የሚለኩሰው በአብዛኛው ሰው ነው፦ እረኛ፣ ማር ቆራጭ፣ ከሰል አክሳይ። ሙቀቱ የሚያደርገው ማገዶውን ማዘጋጀት ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር እርጥበት የመያዝ አቅሙ ወደ 7 በመቶ ይጨምራል፤ ያንን የጎደለውን እርጥበት ከቅጠልና ከአፈር ይመጥጣል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። በልግ ሲዘገይ ወይም ሲቀር ደግሞ ድሮ በየካቲት ዝናብ ያጠፋው የነበረ እሳት እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል።

እዚህ ላይ መደባለቅ የሌለበት ነገር አለ። በአፍሪካ ሣር ለበስ ቆላዎች በየዓመቱ የሚቃጠለው መሬት ባለፉት አሥርት ዓመታት ቀንሷል፤ እርሻ ስለተስፋፋ ሣሩ ተቆራርጧል። ስለዚህ «እሳት በየቦታው ጨመረ» ብሎ መናገር ስሕተት ነው። ጭንቀቱ ያለው ድሮ ርጥብ በነበሩት ከፍታዎች ላይ ነው። ኪሊማንጃሮ ላይ ያለው የአስታ ዘመድ ጫካ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ በተደጋጋሚ ቃጠሎ ወደ ታች ተገፍቷል፤ ጉም እየያዘ ወደ ወንዝ ያወርደው የነበረው ውኃም አብሮት ቀንሷል። ሰው ስለ ኪሊማንጃሮ በረዶ መቅለጥ ብዙ ያወራል፤ ስለዚህ ጫካ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው።

እኛም አይተነዋል። በ1992 የካቲትና መጋቢት፣ ድርቁ በበረታበት ወቅት፣ ባሌና ቦረና ላይ የተነሣው ቃጠሎ ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ደን በላ። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ፤ ተማሪዎች ለማጥፋት እንሂድ ብለው ተነሡ፤ ገበሬውም በአሥር ሺዎች ወጣ።

በ2011 ተራው የስሜን ሆነ። በመጋቢት መጨረሻ የተነሣው እሳት ጠፋ ተባለ፤ ከቀናት በኋላ እንደገና ተቀጣጠለ። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1978 ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በሆነው ፓርክ፣ ዋሊያና ጭላዳ በሚውሉበት ገደል አፋፍ ላይ፣ ነዋሪውና ወጣቱ በለጋ ቅርንጫፍ እየመታ፣ ቦይ እየቆፈረ፣ ውኃ በጀሪካን እያመላለሰ ተከላከለ። ንፋሱና ገደሉ ግን ከሰው አቅም በላይ ነበሩ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። እስኪጠፋ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ሣርና አስታ ነደደ።

ጠፋ የተባለ እሳት ለምን ይመለሳል? የአስታ ሥርና ለዘመናት የተደራረበው ብስባሽ ነበልባል ሳያሳዩ ለቀናት እየጨሱ ሊቆዩ ስለሚችሉ ነው። ከላይ አመድ ይመስላል፤ ከሥር ረመጥ አለ። ንፋስ ሲገልጠው እንደገና ይነሣል።

የስሜኑ እሳት ከጠፋ ሳምንታት በኋላ ግንቦት 1፣ የልደታ በዓል፣ ደረሰ። እኛ ሰፈር እንደ ልማዱ ጎረቤት ሁሉ ብሎኩ ሥር ወጥቶ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ቡና ተፈላ። ሲመሽ፣ እሳቱን የያዙት እናት አመዱ ላይ ውኃ አፈሰሱና ለመሄድ የተነሣውን ልጅ መለሱት፤ በእንጨት አገላብጦ፣ ደግሞ ውኃ እንዲጨምር አዘዙት። ልጁ «ጠፍቷል እኮ እትዬ» አላቸው። ጎንበስ ብለው የእጃቸውን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠግተው ትንሽ ቆዩና «ገና ይሞቃል፤ ጨምር» አሉት።