ደቻቱ የነካውን ሱቅ መልሶ ለመክፈት

የፍልሰታ ጾም በመጣ ቁጥር ድሬዳዋ አንድ መራራ ሌሊት ታስታውሳለች። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ፣ ጾሙ ሊገባ አንድ ቀን ብቻ ሲቀረው፣ የደቻቱ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ በእንቅልፍ ላይ የነበረውን ሕዝብ አጥለቀለቀ። ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ 10,000 ያህል ነዋሪዎችም ከቤት ንብረታቸው ተፈናቀሉ።

እንደሚታወቀው ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ውኃ የሚወርድበት ወንዝ አይደለም። በበጋ አሸዋው ደርቆ ሰውና ከብት ይመላለስበታል። ነገር ግን ዝናቡ በስተደቡብ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ ሲጥል፣ በከተማይቱ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ ደራሽ ውኃ ሊመጣ ይችላል። የተራሮቹ ደን መመናመንና የሰው መኖሪያ ወደ ወንዙ መጠጋት አደጋውን አባብሰውታል። ቀፊራም በዚሁ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራውና ጉራጌው፣ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድነት የሚገበያይባት የቆየች ገበያ ናት።

ሙታን ከተቀበሩና ልቅሶው ከበረደ በኋላ፣ ከሞት የተረፈው ቤተሰብ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይኸውም ነገ በምን እንኖራለን የሚለው ነው። የአንዲት ትንሽ ሱቅ ካፒታል በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ሳይሆን በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ነው። ለምሳሌ እናት በርበሬና ሽሮ የምትሸጥባትን፣ አባት ደግሞ ከደጃፏ የልብስ ስፌት መኪና የዘረጋባትን ሱቅ እናስብ። ጎርፍ ሲገባባት ስኳሩና ጨው ይሟሟል፤ እህሉ ይሻግታል፤ በርበሬው ጭቃ ይሆናል። የጎርፍ ውኃ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ፍሳሽ ጋር ስለሚቀላቀል፣ የነካው ምግብ ቢታጠብም ለሽያጭ ሊቀርብ አይገባውም። የስፌት መኪናው ግን ፈጥኖ ከተፈታ፣ አሸዋው ከተጠረገለትና ዘይት ከተቀባ ሊድን ይችላል። ጨርቁም ታጥቦ ይደርቃል።

በዚህ ጊዜ የሰው እጅ ያስፈልጋል። በ1998ቱ አደጋ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጎ ፈቃደኞች፣ የመከላከያ ሠራዊት አባላትና የከተማው ነዋሪዎች ለነፍስ አድንና ለእርዳታ ሥራ ተሰልፈው ነበር። ከነፍስ አድኑ ቀጥሎ ያለው ጉልበትም እንዲሁ በጊዜው ሊደርስ ይገባዋል። ጭቃው እርጥብ ሳለ በአካፋ ይዛቃል፤ በድሬዳዋ ሐሩር ከደረቀ ግን በዶማ ካልተፈለጠ አይነሣም። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ብዙ ቀናት የሚፈጅበትን ሥራ ዐሥር ወጣቶች በአንድ ጧት ሊያቃልሉት ይችላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው መባሉም ለዚሁ ነው።

ሱቁ ከተጠረገ በኋላም ባዶ መደርደሪያ ይቀራል። እንጀራና ብርድ ልብስ ይዞ የመጣው ወገን አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊ ግን የተጎዳውን ሰው ቁስል አስሮ ብቻ አልሄደም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። በእኛም ዘንድ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አለ። የእቁብ አባላት ከተስማሙ ዕጣውን ለተጎዳው አባል ሊያስቀድሙለት ይችላሉ። እድሩና የምሥራቁ አገር አፎቻም ኀዘንተኛን ማጽናናት የለመዱ ናቸውና ሥራ ላጣ ቤተሰብም ሊደርሱ ይችላሉ። ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍለው ነጋዴ የመጀመሪያውን ኩንታል በዱቤ ቢሰጥ ሱቁ ዳግመኛ ይከፈታል።

ስለ ዱቤ ከተነሣ ዘንድ፣ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ አንድ ኪሣራ አለ። ጎርፍ የባለሱቋን የዱቤ ደብተርም ይወስዳል። ደብተሩ ሲጠፋ የሚቀረው የተበዳሪው ኅሊና ብቻ ነው። አካፋ ለማንሣት አቅም የሌለው ጎረቤት እንኳ «እማማ፣ ይህን ያህል አለብኝ» ብሎ ቢከፍል፣ ከማንም የማያንስ እርዳታ አድርጓል።

ውድ አንባብያን፣ ከዚያ ወዲህ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል። ቢሆንም ክረምቱ ገና አልወጣምና በወንዝ ዳር ያለ ቤተሰብ እህሉን ከፍ ባለ መደርደሪያ ያስቀምጥ፤ የዱቤ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ይያዝ፤ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲሰማ ግን ዕቃውን ትቶ ነፍሱን ያድን። ዕቃውን ለመተካት ወገን አለ። እኛም በዚህ በዓል ማዕዳችንን ስንዘረጋ፣ በየሰፈራችን በሯ ተዘግቶ የቀረ ሱቅ ካለች ባለቤቶቿን ሄደን እንጠይቃቸው።

መልካም የፍልሰታ በዓል።